66 በመቶ እባብ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በአሜሪካ የእባብን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በእኛ ዘንድ እባብ ብቅ ሲል ድንጋይ ይፈለጋል እንጂ ስም አይፈለግለትምና ነገሩ እንግዳ ቢሆንብህ አልፈርድብህም። ሆኖም እባብ እንደ ድመት ቤት ውስጥ በሚያድርበት አገር፣ ለቆዳው ቀለም የሚሰጠው ስም ዋጋ ያወጣል። ዋጋ ባለበት ደግሞ ቃል ይጣመማል። ብዕሬን ያነሳሁት ስለዚሁ ስለ ቃሉ ነው።

አርቢዎቹ አብዝተው የያዙት ቦል ፓይተን የተባለውን አጭር ዘንዶ ነው። አገሩ አፍሪካ ነው፤ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ተጭኖ ሄዷል። ሲደነግጥ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው እንዲህ የተባለው። የተፈጥሮ መልኩ ጥቁርና ቡናማ ነው። በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አልቢኖው በአርቢ እጅ ከተፈለፈለ ወዲህ ግን ቀለሙን ከቀለም እያዳቀሉ፣ ሙዝ፣ ቅቤ፣ ሸረሪት፣ ባምብልቢ እያሉ የስሙን ዝርዝር በሺዎች አድርሰውታል። እያንዳንዱን መልክ «ሞርፍ» ይሉታል።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ደህናው አርቢ እንግዳ መልክ ያለው እባብ ስላገኘ ብቻ ስም አያወጣም። ያዳቅላል፣ ዓመታት ይጠብቃል፣ መልኩ ወደ ልጆቹ መተላለፉን ሲያይ ነው «ተረጋገጠ» የሚለው። ይህ ትዕግስት ያስመሰግናል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዓይን የሚያየውን፣ በደም የሚወረሰውንና እባቡ የወጣበትን ቤት፣ ሦስቱን ሁሉ «ሞርፍ» በምትባል አንዲት ቃል ከረጢት ውስጥ ይከቱና ገዢው እንዲለያቸው ይተዉለታል።

«ሌሰር» እና «በተር» የሚባሉትን ውሰድ። አንዱ ከአንድ አርቢ፣ ሌላው ከሌላ አርቢ ስለወጡ ሁለት ስም ተሰጣቸው እንጂ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙዎቹ አርቢዎች ራሳቸው አይለዩአቸውም። «ባናና» እና «ኮራል ግሎው»ም እንደዚሁ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ «አልቢኖ» እና «ላቬንደር አልቢኖ» በስም ወንድማማች ይመስላሉ። ይህን ያመነ ሰው ሁለቱን አዳቅሎ አልቢኖ ጫጩት ሲጠብቅ፣ የሚፈለፈሉት ሁሉ ተራ መልክ ያላቸው ይሆናሉ። አርቢዎች በላኩት፣ እባቦች በጣሉት ቆዳ ላይ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፤ ሁለቱ የሚመጡት ከተለያዩ ዘረ-መሎች ጉድለት ነው። አንድ የሆነውን ሁለት፣ ሁለት የሆነውን አንድ የሚያስመስል ስም ምን ዓይነት ስም ነው? የሰሜን አሜሪካው ኮርን ስኔክማ ባሰ፤ «ኦኪቲ» በደቡብ ካሮላይና ያለ የአደን ቦታ ስም ነበር፣ ዛሬ ያንን ምድር አያት ቅድመ አያቱ ያልረገጠ እባብ ሁሉ ቀላ ካለና ጥቁር ጠርዙ ከወፈረ «ኦኪቲ» ተብሎ ይሸጣል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን «66 በመቶ ሄት» የሚለው ነው። ሄት ማለት መልኩ ተራ ሆኖ የተደበቀ ቀለም በውስጡ የተሸከመ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ፣ ተራ መልክ ይዘው ከሚፈለፈሉት ሦስት ጫጩቶች በአማካይ ሁለቱ ተሸካሚ ይሆናሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን 66 በመቶው የገዢው ዕድል እንጂ የእባቡ ጠባይ አይደለም፤ እባቡ ወይ ተሸክሟል ወይ አልተሸከመም። ታዲያ ሎተሪውን የእንስሳው ስም አድርገው ይለጥፉበታል። የእኛ ዶሮ ነጋዴ ገብስማ ሲልህ ገብስማ ታያለህ፣ ወሰራ ሲልህ ወሰራ። በፋሲካ ዋዜማ «ይህቺ ቀይ ዶሮ 66 በመቶ ገብስማ ናት» የሚል ቢመጣ ምን እንደምትመልስለት አውቃለሁ። ደግሞም ዛሬ ለበርካታ ቀለሞች፣ እባቡ የጣለውን ቆዳ ላቦራቶሪ ልኮ ቁርጡን ማወቅ ይቻላል።

«ስም ጌጥ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። እባቡን ይጎዳል! «ሸረሪት» የተባለው ሞርፍ በ1999 የታወቀ፣ ጥልፉ ቀጭን፣ እጅግ ያማረ ነው። ከጥልፉ ጋር ግን የጭንቅላት መንቀጥቀጥ ይወረሳል፤ ሲብስ እባቡ ላይና ታቹ ይጠፋበታል፣ አይጡን ለመያዝ ሲወረወር ይስታል። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት የውስጥ ጆሮው ተበላሽቶ መፈጠሩን አሳይቷል። በብሪታንያ አንድ ታዋቂ የተሳቢዎች ማኅበር ከ2018 ጀምሮ በትርኢቶቹ እንዳይሸጥ ከልክሏል። አሁን ሸረሪትን «ፓስተል» ከሚባለው ጋር አዳቅለው «ባምብልቢ» ይሉታል። ሕመሙ እንዳለ ነው፣ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ለልጁ ልደት ባምብልቢ የሚገዛ አባት የታመመ እንስሳ እየገዛ መሆኑን ከየትኛው ፊደል ያነበዋል?

ጌጠኛው ስም ይቅር አልልም። ሙዝም ይባል፣ ቅቤም ይባል። ዳሩ ግን በሳጥኑ ላይ አስቀድሞ የተረጋገጠው ዘረ-መል ይጻፍ፣ ያልተረጋገጠው «አልታወቀም» ይባል፣ የአርቢው የንግድ ስም በትንሽ ፊደል ከታች ይከተል። ሸረሪት ያለበት ውህድ ሁሉ ደግሞ የፈለገውን ያህል ያማረ ስም ቢኖረው፣ ከዋጋው በላይ «ሸረሪት አለበት፣ ይንቀጠቀጣል» የሚል ይለጠፍበት።