ዓይኑ ለካሜራ የማይታይ ሰው

ግልጽ ደብዳቤ ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ኑሮ የመሠረተባቸው ከተሞች ናቸው። ብሔራዊ መታወቂያችሁ ፋይዳ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ለእንዲህ ያለ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ጥያቄያችን ስለ ዓይን ነው። ተመዝጋቢ የአሥር ጣቱን አሻራ፣ የሁለት ዓይኑን አሻራና ፊቱን ይሰጣል። ሰበታ ደግሞ ለረጅም ዘመን ዓይነ ስውራንን ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። የኢትዮጵያ የትራኮማ ጫናም ከዓለም እጅግ ከባድ ከሚባሉት ነው። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ የዓይንን የፊት ሽፋን ሲፍቅ ይኖርና ጠባሳ ያለብሰዋል። ካሜራው ከጠባሳው ጀርባ ያለውን አይሪስ፣ ማለትም አሻራው የሚነሳበትን ባለ ቀለም የዓይን ክፍል፣ በሚገባ ማንበብ አይችልም። ዓይናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰዎችም አሉ።

ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ለዚህ መላ አለው፤ መዝጋቢው የጎደለውን ዓይን ወይም ጣት «የለም» ብሎ መዝግቦ ሥራውን መቀጠል ይችላል። መሣሪያው ይህን ከቻለ ቀሪው የሰው ሥራ ነው። በየጣቢያው የተቀመጠው ወጣት መዝጋቢ ይህን ተምሯል? ወይስ ማሽኑ እንቢ ባለ ቁጥር ሊመዘገቡ የመጡትን እናት «ሌላ ቀን ይምጡ» ይላቸዋል? ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ያለ ፋይዳ አዲስ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይቻልም፤ የብዙ የሱሉልታና የቡራዩ ነዋሪ ሥራም ገበያም ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

ካርዱ ከተገኘ በኋላም ችግር አለ። ማንነት ሲረጋገጥ የአንድ ጊዜ ኮድ በአጭር መልእክት ይላካል። ማየት የማይችል ሰው፣ ስልኩ ጽሑፍ የማያነብለት ከሆነ፣ ምስጢሩን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ «አንብብልኝ» ሊል ነው። የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህ ሰው ግን በገዛ አንደበቱ ለምኖ ምስጢሩን እንዲያስረክብ ተገዷል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ዓይኑ ወይም ጣቱ የማይነበብ ሰው ዛሬውኑ ይመዘገባል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ። ኮዱ በድምፅ ጥሪም ይላክ። በዚህ ልዩ መንገድ የተመዘገቡት ስንት እንደሆኑ በየዓመቱ ይፋ አድርጉልን። መልሳችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።