ከመጽሐፉ በፊት አንድ ታሪክ



ልብወለድ በደብተር ጽፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በየጉባኤያችን አይጠፋም። ቦንጋ የሚያስተምር አንድ ባል እንዲህ ዓይነት ደብተር አለው እንበል። አንድ ቀን ሚስቱን፣ «ያጠራቀምነውን አውጥተን መጽሐፌን እናሳትም» ይላታል። እርስዋ ግን የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና የሚያፈሰው ጣራ ይታያታል። እርሱ «አላመነችብኝም» ብሎ ያዝናል፤ እርስዋ «ቤቱን ረሳ» ብላ ታዝናለች። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ያላወቁት በመካከል ያለውን መንገድ ነው።

መንገዱ አጭር ልብወለድን በመጽሔት ወይም ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር በመድብል ማውጣት ነው። ይህ በአገራችን የቆየ ነው። በንጉሡ ዘመን መነን፣ በደርግ ዘመን የካቲት መጽሔት ለአጭር ልብወለድ ገጽ ይሰጡ ነበር። አዳም ረታን እንመልከት። በ1977 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ባወጣው «አባ ደፋር እና ሌሎችም አጫጭር ታሪኮች» ውስጥ ከሌሎች ደራስያን ጋር ቀረበ። የራሱ መድብል «ማህሌት» በ1981 ዓ.ም. ወጣ፤ ረጅሙ ልብወለዱ «ግራጫ ቃጭሎች» ደግሞ በ1997 ዓ.ም.። ከጋራው መድብል እስከ ረጅሙ ልብወለድ 20 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።

ዛሬ መነንም የካቲትም የሉም። ቢሆንም ትናንሽ መጽሔቶችና የጋራ መድብሎች አልጠፉም። ለመላክ ካሰባችሁ እነዚህን ነገሮች አስቡ።

አንደኛ፣ አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ። ጥሩ ቡና ለቃሚ ቀዩን ለይቶ ይወስዳል፤ አረንጓዴው ጊዜውን ይጠብቃል። የመረጣችሁትን ለትዳር ጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እርሱ ወይም እርስዋ ያዛጉበትን ቦታ ቁረጡ።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ጻፉ። ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ ብዙ ነው። ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለውን አባት፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው የካፋ የቡና ጫካ ዳር የሚኖሩትን ባልና ሚስት ግን እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ቤታቸው በካፊኖኖ የሚነጋገሩ ሰዎችንም እንደ አዲስ አበባ ልጅ አታናግሯቸው።

ሦስተኛ፣ ታሪኩን ስብከት አታድርጉት። በመጨረሻው አንቀጽ ሁሉም ሰው በድንገት ንስሐ ሲገባ አንባቢ አያምንም። በሉቃስ ምዕራፍ 15 ጌታ የነገረውን የጠፋው ልጅ ታሪክ አስታውሱ። ታላቅ ወንድሙ በመጨረሻ ወደ ቤት ይግባ አይግባ አልተነገረንም። መልሱ ለሰሚው ተተወ።

አራተኛ፣ የቤታችሁን ምስጢር ጠብቁ። ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ስም መለወጥ ብቻውን አይሸፍንም። ታሪኩ ከትዳራችሁ ወይም ከጎረቤት ኀዘን የተቀዳ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። እምቢ ካለ ታሪኩ ይቅር። አንድ ሰው ከሚያፍር አንድ ታሪክ ቢቀር ይሻላል።

አምስተኛ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ትናንሽ መጽሔቶች ብዙ ጊዜ ክፍያ የላቸውም፤ አንዳንድ መድብሎች እንዲያውም መዋጮ ይጠይቃሉ። መዋጮው ስንት ነው? ስንት ቅጂ ይደርሳችኋል? ማን ይሸጠዋል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በዕድሜው ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የልጆቻችሁ ውርስ ነውና «ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ» የሚል ቃል በስምምነቱ ላይ አስገቡ። የታሪኩን ቅጂም ቤት አስቀሩ።

መልሱ «አይሆንም» ቢሆንስ? የጠፋው የአንድ ታሪክ ድካም እንጂ የቤት ጥሪት አይደለም። ታሪኩን አርሙትና ወደ ሌላ ላኩት። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታ አስተምሮናል፤ ለመጽሐፍም እንዲሁ ነው።

ለባለትዳሮች፦ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ሰሚ ይሁን። አንድ ታሪክ ይነበብ። ሰሚው ሁለት ነገር ብቻ ይናገር፦ ያመነበትን ቦታና ያላመነበትን ቦታ። ጸሐፊውም ሳይከራከር ያዳምጥ።

ጌታ ቤታችሁንም ብዕራችሁንም ይባርክ።