የሌሊቱ ደም መጣጭ፦ የዶሮን ቤት ከቀይ ቅንቅን ስለ መጠበቅ

የቤተሰብ ማእዘን

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በዚህ ሳምንት የመረጥነው ከቢሾፍቱ የተላከልንን ነው። ጠያቂዋ ባለቤታቸው ከእኛ ጋር በጁባ ግዳጅ ላይ የሚገኙ እኅታችን ሲሆኑ፥ በጓሮአቸው አሥራ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባሉ። የልጆቻቸው ቁርስና የደብተር መግዣ የሚገኘው ከእነዚሁ ዶሮዎች ነው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ዶሮዎቹ መሸት ሲል ወደ ቤታቸው መግባት እምቢ ይላሉ፤ በአናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል፤ በቀን አሥር ይደርስ የነበረው እንቁላልም ወደ አምስት ወርዷል። ጎረቤት የእርሻ ተባይ መርዝ እንዲረጩ መክሯቸዋል። ባለቤታቸው በበኩላቸው «ሁሉንም ሸጠሽ ተገላገዪ» ሲሉ በስልክ ነግረዋቸዋል። እኅታችን «ልርጭ ወይስ ልሽጥ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

መልሳችንን ከወዲሁ እንግለጽ። መርዙም አይረጭ፥ ዶሮዎቹም አይሸጡ። ምክንያቱን እንደሚከተለው እናብራራለን።

የተገለጹት ምልክቶች በሳይንሳዊ ስሙ ደርማኒሰስ ጋሊኔ ወደሚባለው፥ በየቤቱም የዶሮ ቅንቅን ተብሎ ወደሚጠራው ጥቃቅን ተባይ ያመለክታሉ። ይህ ተባይ ስምንት እግር ያለው የመዥገር ዘመድ ሲሆን፥ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በተራበ ጊዜ ግራጫ ነው፤ ደም ሲጠግብ ይቀላል። ቀን ቀን ከዶሮዋ ገላ ላይ አይገኝም። በቆጡ ሥር፥ በግድግዳው ስንጥቅ፥ በመጣያው ሳጥን መጋጠሚያና በጉዝጓዙ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። ጨለማ ሲሆን ወጥቶ ደም ይመጥና ንጋት ሳይደርስ ወደ ምሽጉ ይመለሳል። ስለዚህ ዶሮዋን በቀን አገላብጦ «ምንም የለባትም» ማለት የጠላትን ምሽግ ሳይፈትሹ ቀጣናው ነጻ ነው ብሎ እንደ መዘገብ ነው።

ዶሮዎቹን መሸጥ መፍትሔ የማይሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጠላት የሰፈረው በቤቱ ውስጥ እንጂ በዶሮዎቹ ላይ አይደለም። ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ደም ሳይቀምስ እስከ ስምንት ወር ድረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ዶሮዎቹን ሸጦ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሎች የሚገዛ ሰው አዲሶቹን ለዚያው ጠላት ያስረክባል።

ሁለቱን አገር ማነጻጸርም ይጠቅማል። እኛ በምንገኝበት በጁባ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወራት አየሩ እርጥበት ስላለው ተባዩ እጅግ ይመቸዋል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆንበት ስፍራ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል። በደጋው አገራችን መራባቱ ቢዘገይም በተራው ጾሞ የመቆየት ኃይሉ ይበረታል። በመሆኑም በጁባ የሚኖሩ ወገኖቻችን ፍጥነትን፥ በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ትዕግሥትን ልትይዙ ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው በማጣራት ነው። ከመሸ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ በባትሪ ብርሃን የቆጡን ሥርና ጫፍ ተመልከቱ። ነጭ ወረቀት ከሥር አድርጋችሁ ስንጥቁን በቢላዋ ጫፍ ፋቁ፤ በወረቀቱ ላይ የወደቀው ትቢያ ከተንቀሳቀሰ፥ ሲጫኑትም ቀይ መስመር ከተወ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። ተባዩ በቀን ከላባው ሥር ከተገኘ ግን ቅማል ወይም ሌላ ዓይነት ቅንቅን ሊሆን ይችላል። በዓይን ዙሪያ ተጣብቆ የሚታየው የዶሮ ቁንጫ ነው። በስንጥቅ ውስጥ ጠፍጣፋና ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚተልቅ ከሆነ ደግሞ የዶሮ መዥገር ነው፤ እርሱም ሌሊት የሚመጥና በሽታ የሚያስተላልፍ ነውና የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ዶሮዎች በድንገት በብዛት የሚሞቱ ከሆነ ፈንግልን መጠርጠርና ሳይዘገዩ ለባለሙያ ማስታወቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ መርዙ እንመለስ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017፥ በኔዘርላንድና በቤልጂግ ይህንኑ ቀይ ቅንቅን ለማጥፋት ፊፕሮኒል የተባለ፥ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ የተከለከለ መርዝ በዶሮ ቤቶች ውስጥ መረጨቱ ተደረሰበት። መርዙ ወደ እንቁላሉ አልፎ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተወገደ፤ ጉዳዩም ከ40 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ ታየ። በዚያ እንቁላሉን የሚመረምር ቤተ ሙከራ ነበረ። በእኅታችን ማእድ ቤት ግን የመጀመሪያው መርማሪ የልጃቸው ሆድ ነው። የትኋን፥ የእህል ተባይ ወይም የከብት መዥገር መድኃኒት በዶሮ ቤት መርጨት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ ለዶሮ የተፈቀደ፥ በእንስሳት ጤና ባለሙያ የታዘዘና እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ በግልጽ የተነገረበት ይሁን።

ያለ መርዝ የሚካሄደው ዘመቻ የሚከተለው ነው። በጠዋት ዶሮዎቹን አውጡ፤ ጉዝጓዙን በሙሉ ጠርጋችሁ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አቃጥሉ። ቆጡንና የመጣያውን ሳጥን ነቅላችሁ ወደ ፀሐይ አውጡ። በየስንጥቁ የፈላ ውኃ በሳሙና አፍስሱ፤ ይህ ሲሆን ልጆች ከአጠገብ ይራቁ። ቤቱ ሲደርቅ ስንጥቁን በጭቃ ምረጉ፥ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ። ቆጡ ቅርፊቱ የተላጠና ልሙጥ እንጨት ሆኖ በራሱ እግር ይቁም እንጂ ግድግዳ አይንካ፤ እያንዳንዱ እግር ጥቂት የምግብ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁም። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀርከሃ ለተባዩ መኖሪያ ስለሚሆን ለቆጥ አይመረጥ። ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት የደረቅ አፈርና የአመድ ጉድጓድ ዝናብ በማያገኘው ጥግ ይዘጋጅላቸው።

ይህን አንድ ጊዜ ፈጽሞ «ድል አደረግን» ማለት ስሕተት ነው። በስንጥቅ የቀረው እንቁላል በቀናት ውስጥ ይፈለፈላልና ጽዳቱ በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም። በየመሐሉ የተጠቀለለ ካርቶን ከቆጡ ሥር አስራችሁ ሁለት ቀን ካቆያችሁ በኋላ አቃጥሉት፤ ለመሸሸግ የገባውን ይዞ ይጠፋል፤ ቁጥሩ መቀነሱንም ያሳያችኋል።

ጠላት ተመልሶ የሚገባበትም በር ይዘጋ። አዲስ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። በጁባ ገበያ ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ የሚመጣ እንቁላል ብዙ ነው፤ የመጣበት ካርቶንና የዶሮ ማጓጓዣ ሳጥን ተባዩን ሊያዘዋውር ስለሚችል ወደ ዶሮ ቤት አይግባ። በጣራው ሥር የወፍ ጎጆ አይኑር። ዶሮና ሰው በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ቤት ካለም ይለያይ፤ ቅንቅኑ በሰው ላይ ባይኖርም ይነክሳል፥ ገላንም ያሳክካል።

በመጨረሻም ለጠያቂዋ ባለቤትና ለመሰሎቻቸው ጓዶቻችን አንድ ቃል አለን። ከሩቅ በስልክ «ሽጪ» ማለት ቀላል ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ከዚህ በላይ የምትሰጥ ዶሮን ተንከባክቦ ለዚህ ማድረስ የወራት ድካም ነው፥ ያን የደከሙትም ባለቤታችሁ ናቸው። ስለሆነም መጀመሪያ ማታ በባትሪ የታየውን ጠይቁ፥ ቀጥሎም ለኖራና ለእንጨት የሚሆን ገንዘብ ላኩ። ፈቃድ ያገኘ አባል ደግሞ ቤቱ በደረሰ ማግሥት መጋዝና መዶሻ ይዞ ወደ ጓሮ ይግባ፤ ቆጡን በራሱ እግር የሚያቆመው እርሱ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የዶሮን መኖ ከቤት ተረፈ ምርት ስለ ማዘጋጀት እንጽፋለን።