ልጁ ሲጠጣ ዕዳው የማን ነው?

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን ከአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ አረቄ ተገኘ። «ከየት አመጣኸው?» ቢባል፣ «አባባ ማታ ይዘህልኝ ና ብሎኝ በረፍት ሰዓት ገዛሁት» አለ። ጠርሙሱ ግን ጎደል ብሏል። መምህራኑ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረናል።

ለምን ቢሉ፣ በዚያ ጠርሙስ ዙሪያ ሕግ ሲጣስ እያየን አላወቅንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እንግዲህ ሻጯ «አባቱ ልኮት ነው» ብትል አያድናትም። አባትየውም ልጁን ሲልክ ጎረቤቱን በጥፋት ውስጥ እየከተታት መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል።

«ልጅ ነው፣ ማን ይከሰዋል?» የሚሉም አይጠፉም። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ግን ጥፋት ከሠራ ፍርድ ቤት ቀርቦ ልዩ የእርምት እርምጃ ሊወሰንበት ይችላል። 15 ዓመት ያለፈው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነፃ አያወጣውም። «ሰክሬ ነበር» ማለትም ሁልጊዜ መከላከያ አይሆንም። ወንጀል ሊሠራ እንደሚችል እያወቀ ራሱን ያሰከረ ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም።

ነገሩ ከልጁ አልፎ ቤተሰቡንም ይነካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትየውን ኃላፊ ያደርጋል። እናት ብቻዋን የምታሳድገው ከሆነ ዕዳው በእሷ ላይ ይወድቃል። የ16 ዓመት ልጅ ጠጥቶ በወረወረው ድንጋይ የሰው ዓይን ቢያጠፋ፣ ካሳው የሚወጣው ከቤቱ ጎተራ፣ ካልበቃም ከበሬው ዋጋ ነው። ታናናሾቹ ደብተር የሚገዙበት ገንዘብ በዚያው ይሄዳል። በአሥር ብር አረቄ የተጀመረ ነገር ቤት ያፈርሳል።

እዚህ ላይ ግለ ሒስ ያስፈልገናል። አብዛኞቻችን እጩ መምህራን ገና 21 ዓመት አልሞላንም። የኪስ ገንዘብ በተከፈለ ምሽት የምንገባባቸው ቤቶች ዕድሜያችንን ጠይቀውን ያውቃሉ? እኛስ ቢጠይቁን ደስ ይለናል? ተማሪው እኛን ጠጅ ቤት ደጃፍ አይቶ በማግስቱ ስለ መጠጥ ጎጂነት ብናስተምረው፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይለናል። ደግሞም እውነቱን ነው።

ጠላ በበዓል የማይጠመቅበት ቤት ጥቂት ነው፤ ልጅም «ቅመስ» እየተባለ ያድጋል። ይህን ልማድ በአንድ ቀን እንሽረዋለን አንልም። ወላጅን መስደብም የመምህር ወግ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገር ለማድረግ አቅም አለን፦ አንደኛ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት በወላጆች ስብሰባ ላይ ሕጉን በቀላል አማርኛ መናገር፤ ሁለተኛ፣ ጠጥቶ የመጣን ተማሪ ከማባረር በፊት ማን እንደሸጠለት መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ከራሳችን መጀመር።

ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም ይባላል። እያወቁ ዝም ማለት ግን ከአለማወቅ የባሰ ነው። ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነገ የአንዳችን ተማሪ ይሆናል። ያን ጊዜ ጠርሙሱን ስናገኝ እንዳንስቅ አደራ እንባባል።