አንድ መወርወሪያ ባጠፋ ዘጠኝ ቅርጫት ይነቀላል?



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሐሳብ ሳታነቡት አልቀራችሁም። የፓርካችን የዲስክ ጎልፍ ዘጠኙም ቅርጫቶች ከዛፉና ከዳገቱ ተነቅለው፣ ከታች ባለው ለጥ ያለ ሣር ላይ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ሆነው ይተከሉ ነው የሚለው። ምክንያቱ ደግሞ አንዲት እናት በእግር መንገዱ ሲያልፉ ዲስክ ትከሻቸውን ስለመታቸው ነው። እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አዝኛለሁም። ነገር ግን ጥፋቱ ወደ መንገዱ የዞረው የሦስተኛው መወርወሪያ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የቀሩት ስምንቱ ምን አደረጉ?

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ከ200 ግራም የማይበልጥ ዲስክ ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት ቅርጫት ይወረወራል፤ ከወደቀበት ተነስቶ እንደገና ይወረወራል፤ በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። በኛ ፓርክ ክፍያ የለውም። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳም የተሠራው ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ በኦክ ግሮቭ ፓርክ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የሠራው ኤድ ሄድሪክ ነው። መጀመሪያ ዒላማው ተራ ምሰሶ ስለነበር «ነካ፣ አልነካም» እየተባለ ክርክር ይነሳ ነበር፤ ሰንሰለቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያም ሜዳ በዛፎች መካከል ነው እንጂ ገላጣ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በቀኝ እጁ ክንዱን ከደረቱ ወደ ውጭ እየዘረጋ የሚወረውር ሰው፣ ዲስኩ ኃይሉ ሲያልቅ ወደ ግራ ያጋድልበታል። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ሰባተኛው ቅርጫት ሌላ አወራወር እንዲማር ያስገድደዋል። አራተኛው በሁለት ዛፎች መሐል ዝቅ ብሎ መሄድን ይጠይቃል፣ ስድስተኛው ዳገት ነው፣ አንደኛው ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅም የሚደርስበት ነው። ባለፈው ወር አንድ ጎረምሳ በጉልበቱ ተመክቶ አራተኛው ላይ ሦስቴ ከግንድ ሲያላትመው፣ እኔ ሽማግሌው በሁለት አጭር ውርወራ ጨረስኩ። (እስካሁን አላመነም።) ዘጠኙም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አንዷን ውርወራ ያወቀ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሌላው ሁለት ቀን መጥቶ ይቀራል።

ደኅንነቱስ ቢሆን? ያ ለጥ ያለ ሣር እኮ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እሁድ እሁድ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ የሚቀመጥበት ነው! ዘጠኝ ቅርጫት እዚያ ላይ ቢታጨቅ አንዱ የወረወረው በሌላው ራስ ላይ ነው የሚያልፈው። አንድ ትከሻ አዳንን ብለን ስንት ራስ ልናስመታ ነው?

እኛ ተጫዋቾችም ንጹሐን አይደለንም። ሰው እስኪያልፍ የማይጠብቁ አሉ፤ የጨዋታው ደንብ ራሱ ግን ሰው እንደማይጎዳ ሳታረጋግጥ አትወርውር ይላል። የዚያን ዕለት ይህ ተጥሷል፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን።

በበኩሌ የምለው፣ ሦስተኛው መወርወሪያ ፊቱ ከመንገዱ ወደ ጉብታው ይዙር፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ይተከል። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ክፍል ከፈቀደልን ቁፋሮው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ አካፋ እኔ አመጣለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ማለት በዚህ አገር አቆጣጠር በዘጠኝ፣ አንደኛው ቅርጫት ጋ እጠብቃለሁ። ሐሳቡን ያቀረባችሁ የኮሚቴ አባሎችም ኑና ዘጠኙንም አብረን እንዙር። ዲስክ ከሌላችሁ ሁለት ትርፍ አለኝ።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ