እንዶድ እና የጥቅስ ቆጠራ፦ የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘን?

አንድ የሕክምና ተመራማሪ "አንቱ የተባለ" መሆኑ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች አብረው ይጠራሉ። የመጀመሪያው ያሳተማቸው የምርምር ጽሑፎች ብዛት ሲሆን ሁለተኛው ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበት ብዛት ነው። ነገሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የምርምር ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥና የትኛው በሽታ እንደሚጠና ሲወሰን እነዚህ ቁጥሮች ድርሻ ስላላቸው፣ ውጤቱ እስከ መስኖ ቦዩና እስከ ጤና ጣቢያው ይደርሳል።

የጥቅስ ቆጠራ በስፋት የተጀመረው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በአውሮፓውያኑ 1964 ይፋ ባደረጉት የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ነው። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ "ኤች ኢንዴክስ" የተባለውን መለኪያ አቀረቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ መለኪያው 20 ይሆናል።

ማውጫው ይፋ በሆነበት በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እናቶች ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት የኖሩት ፍሬ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል በቤተ ሙከራ አረጋገጡ፤ ውጤቱንም በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ በትንንሽ ሕጻናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ጽሑፉ ቢታተምም እንዶድ ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። ለሰውና ለአካባቢ ያለው ደኅንነት በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲመረመር ተጠየቀ፤ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብና መሣሪያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉም በአፍሪካ የተገኘ የምርምር ውጤት በቀላሉ አለመታመኑ ዋና መሰናክል እንደነበረ ይናገሩ ነበር። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከዓድዋው ግኝት 25 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

በእርግጥ የደኅንነት ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣን ይጎዳል። ቢልሃርዚያን ለመከላከልም ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው። ታሪኩ የሚያሳየው ግን የጥቅስ ቁጥር ምን መለካት እንደሚችልና ምን እንደሚያመልጠው ነው። ጥቅስ የሚለካው ተመራማሪዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደተነባበቡ ነው። ስለ ካንሰር የሚጽፉት ብዙ ስለሆኑ ጥቅሳቸውም ይበዛል፤ በወንዝ ዳር ድኾችን የሚያጠቃ በሽታ ግን አጥኚውም ጠቃሹም ጥቂት ነው። በተጨማሪም የራስን ጽሑፍ ደጋግሞ በመጥቀስ ወይም ከባልደረባ ጋር በመጠቃቀስ ቁጥሩን ማሳበጥ ይቻላል።

ይህ ማለት ቆጠራው ይጣል ማለት አይደለም። ያላሳተመና በሙያ አቻዎቹ ያልተፈተነ ተመራማሪ ሥራው አይታወቅም፤ ስህተቱም አይታረምም። በ2012 የተጀመረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የሚጠይቀው ተመራማሪ በታተመበት መጽሔት ዝና ሳይሆን በሥራው ይዘት እንዲመዘን ነው።

በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቁ ያሳተሙት ጽሑፍ አንዱ መመዘኛ ነው። በጣና ዙሪያ ዛሬም ቢልሃርዚያ አለ፤ መስኖ በተስፋፋበትም ስጋቱ ይከተላል። ስለዚህ መዛኙ "ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ ሌሎች ጥያቄዎችን ማከል ይኖርበታል፦ ጥናቱ የተካሄደበት ቀበሌ ውጤቱን ሰምቷልን? ጤና ጣቢያውስ ተጠቅሞበታልን? የእነዚህ መልስ በየትኛውም የጥቅስ ማውጫ ላይ አይገኝም፤ ወደ ገበሬው ሄዶ መጠየቅን ይሻል።