አዝማሪን እየሰደብን “ቅርስ አለን” አንበል

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ የሚያናድድ ነገር ልጽፍ ነው። ቅር የሚለው ካለ ኮመንት ላይ እንገናኝ።

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ “መጀመሪያ ድምፁ በሸክላ የተቀዳው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ማነው?” ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ጥላሁን አለ፣ አንዷ አስናቀች ወርቁ አለች። መልሱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። የምንጃር ሰው፣ የእኛው የሰሜን ሸዋ! አጼ ምኒልክ የመኪና ነገር እንዲማሩ ጀርመን ላኳቸው፤ እዚያው ዘፈናቸው በሸክላ ተቀዳ። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የዘፈኑት ደግሞ የአዝማሪ ዜማ ነው።

ያንን ድምፅ “ኢትዮፒክስ” በሚባለው ተከታታይ ውስጥ 27ኛ ሲዲ አድርጎ ያወጣልን ማነው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ፈረንሳዊ!

እኛማ “አዝማሪ” የሚለውን ቃል ለስድብ ነው ያዋልነው። ሰርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፤ ልጃችንን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ግን ዘር እንቆጥራለን።

ሚሲሲፒ ውስጥ ክላርክስዴል የምትባል ትንሽ የጥጥ አገር ከተማ አለች። ብሉዝም የድሃ ጥቁሮች ዘፈን ተብሎ የተናቀ ነበር፤ “የሰይጣን ሙዚቃ” የሚሉት ሞልተው ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ግን የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የብሉዝ ሙዚየም አቋቋመ። ዛሬ ሰው ባሕር አቋርጦ ይመጣላታል። እኛ ጋ አንኮበር የወጣ እንግዳ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ አይቶ ይመለሳል፤ ማታ የሚሰማው ከስፒከር የሚወጣ ዘፈን ነው።

“በጀት የለም” የሚል አይጠፋም። ላለመሳቅ በጀት ያስፈልጋል እንዴ?

እዚህ ላይ ራሴንም ልክሰስ። ከዓመታት በፊት ማሲንቆ የሚጫወት ተማሪ ነበረኝ፤ አያቱ ናቸው ያስተማሩት። የወላጆች ቀን መድረክ ላይ ሲወጣ ልጆቹ “አዝማሪው!” እያሉ ሳቁበት። መምህራኑም ሳቅን። አዎ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማሲንቆውን ይዞ አልመጣም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሁላችሁም ስልክ አላችሁ። በየቀያችሁ ያሉትን አዝማሪዎች ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅዱ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ቀኑንም ጻፉ። ለድካማቸውም ክፈሉ። ፈረንሳዊ አንጠብቅ።

አንተ ልጅ ደግሞ ይህን ካነበብክ፣ ያኔ መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ። ማሲንቆው ካለ ይዘኸው ና፤ ክፍሌ ክፍት ነው።